ቢላዋ የሌለበት ምሳ

የካቲት 19

ለታናሼ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደከረምክ አውቃለሁ፤ ጥርስህን ነክሰህ ነው። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ማንም አልሞተም ማለቴ ነው።

ለምን አትደውይልኝም ብለሃል። ስልክ ላይ ትጮሃለህ፤ እማዬ ደግሞ ከመኝታ ቤት ሆና ትሰማለች። ወረቀት ላይ እንደ ልብህ ጩህ፣ የሚሰማህ የለም። ደግሞም ስልክ ስትዘጋብኝ ያሰብኩት ስድብ አፌ ውስጥ ይቀራል። ደብዳቤ ላይ ግን እስከ መጨረሻው እሰድብሃለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ። የልብ ሐኪሙ የእማዬ ደረት መከፈት አለበት አለ። ካልተከፈተ ክረምቱን አትዘልቅም። ይህን የነገረኝ ኮሪደር ላይ ነው፣ የበሽተኞቹን ሾርባ በጋሪ እየገፋሁ ሳልፍ። ሆስፒታል ኩሽና ውስጥ የመሥራት ጥቅሙ ይኸው ነው፤ መርዶ እንኳ ወረፋ ሳይጠበቅ ይደርሳል። ከፋሲካ በኋላ አልጋ ይዘውላታል።

እሷ ግን አልፈርምም አለች። "ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ በፋሲካ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሳላይ ደረቴን ማንም አይነካትም" አለችው። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ እናቴን አውቃታለሁ።

ስለዚህ ለፋሲካ ትመጣለህ። ታላቃችንን ጋሼን ማምጣት የኔ ሥራ ነው። አንተ ራስህን አምጣ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የኛዋ ሆድ ግን የጦር ሜዳ ነበር መሰለኝ፣ እኔ መሃል ላይ የተወለድኩት ቁስለኛ ለማንሳት ነው።

እህትህ


የካቲት 28

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ምሳ እረፍት ላይ ነው። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያለው ደም የበሬ ነው፣ እንዳትደነግጪ። እዚህ ቄራ ውስጥ እጅ ታጥቦ አያልቅም።

አልመጣም። ጋሼ "ያገኘሁት ቀን አንገቱን ነው የምሰብረው" ብሎ ሰፈር ሙሉ ፊት እንደማለ ሰምቻለሁ። ይሞክራት። መንጋጋዬ ውስጥ የከተቱት ብረት ብርድ ሲነካው ያመኛል፤ እኔ ደግሞ የምሠራው ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ነው። በየማለዳው በሩን ስከፍት ጋሼ እንደ አዲስ ይመታኛል ማለት ነው። እንዲህ እየተመታሁ ፋሲካ ላይ ሄጄ እጁን ልሳም?

በእውነት ምን ነበር የተባባላችሁት ስትይኝ ከርመሻል። ባለፈው ፋሲካ አንቺ ኩሽና ነበርሽ፤ የደረስሽው መጨረሻው ላይ ነው። ጋሼ የበጉን ታፋ እንደ ማገዶ ሲፈልጠው አየሁ። "ሥጋውን አታሰቃየው፣ እኔ ልቁረጠው፤ ሥራዬ ነው" አልኩት። "አባታችን ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት የሚቆርጠው በኩሩ ነው" አለኝ። ቢላዋውን እጀታው ላይ ያዝኩ። እሱ ስለቱን ያዘ። ሳብኩ። ከዚያ በወንበር መንጋጋዬን ከፈለው። የሱ ሁለት ጣቶች ጅማታቸው ተቆርጦ እምቢ አሉ፣ እኔ ወህኒ ወረድኩ። ዳኛው ፊት ያልኩት ይኸንኑ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፤ ሆድ ይፍጀው።

እማዬን ሳሚልኝ። ትፈርም በያት።

ታናሽሽ


መጋቢት 11

ለዚህ ግትር፣

ሳምኳት። አልፈረመችም። ይባስ ብሎ የልብ ክኒኖቿን ትራስ ስር ስትደብቅ ያዝኳት። "ልጆቼ ከተገዳደሉ ይህን ልብ ለማን አድናለሁ?" አለችኝ። ተጣላን። እኔ እናቴን አገጯን ይዤ፣ አፏን እንደ ሕፃን ከፍቼ ክኒን አስዋጥኳት፤ እሷ ጣቴን ነከሰችኝ። አሁንም ጥርሷ ያረፈበት ቦታ ሰማያዊ ነው። በዚህ ቤት ፍቅር ራሱ ምልክት ሳይተው አያልፍም።

ጋሼስ ምን አለ ማለትህ አይቀርም። ሱቁ ሄድኩ። የልብስ ስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኗል። ሚስቱ ጨርቅ ትቆርጣለች፣ እሱ ደንበኛ ያዋራል። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚያወራው። "ና" ስለው "እሱ ይመጣል?" አለኝ። ይመጣል አልኩት። "እንግዲያስ እመጣለሁ" አለ። አነጋገሩን አልወደድኩትም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉት ዓይነት ነው። ቢሆንም እመጣለሁ ብሏል።

እማዬ የምትሞት ከሆነ በልቧ ትሙት እንጂ በናንተ እልህ አትሞትም። ትመጣለህ።

እህትህ


መጋቢት 19

እትዬ፣

የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጫለሁ። ደስ ይበልሽ።

ግን ስሚኝ። እኔ ራሴን አላምንም። ቀኑን ሙሉ የምውለው በሰንሰለት በሚመጣ ሬሳ መሃል ነው፤ መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ ሦስት ዓይነት ቢላዋ። ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቀልድ ከኋላዬ አንገቴን ያዝ አደረገኝ። ዞሬ ምን እንዳደረግኩት አልነግርሽም፤ አሁን ድኗል። ሐሳቤ ከእጄ በኋላ ነው የደረሰው።

ስለዚህ ምን እንደምትሠሪ አስቢበት። አንድ እግር በግ ከዚህ ላምጣልሽ? ጥሩ ጥሩው ከመጫኑ በፊት በእጄ ያልፋል።

ታናሽሽ


መጋቢት 28

ለታናሼ፣

በግህን እዚያው ያዝልኝ! አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም። በዚህ ዓመት ጠረጴዛችን ላይ የሚቆረጥ ነገር አይወጣም። እንዲህ ነው ያሰብኩት፣ ስቀህ ጨርስና አንብበው።

ሥጋው ሁለት ጊዜ ይፈጫል። ድንቹ ይቀቀልና ይደቆሳል። እንቁላሉ ተልጦ ይቀርባል። ዳቦው ኩሽና ውስጥ ተቆራርሶ ያልቅና በየሰሃኑ ዳር ይቀመጣል። ሾርባው ለብ ያለ ይሆናል፤ ትኩስ ሾርባ ፊት ላይ ሲደፋ ምን እንደሚያደርግ በሥራዬ አይቻለሁ። መጠጥ የለም፣ ጠርሙስም የለም፣ ውሃ ብቻ። የብርጭቆውን ጆግ አንስቼ የብረት ገዝቻለሁ፤ ቢወረወርም አይሰበርም። ሹካንም አስቤበታለሁ። ሹካ አራት ጥርስ አለው፣ የጋሼ ግራ እጅ ደግሞ ጤነኛ ነው። ማንኪያ ብቻ! ወንበሮቹን በሙሉ ጓዳ ቆልፌባቸው ከጎረቤታችን ከአናጺው አግዳሚ ተውሻለሁ። ያን አግዳሚ ብቻውን አንስቶ ሰው የሚመታ ፍጡር ገና አልተወለደም።

ቢላዎቹን የት አደረግሻቸው እንዳትለኝ። የአትክልት መላጫው ሳይቀር በፎጣ ተጠቅልሎ ሥራ ቦታዬ ነው ያለው።

ሁሉም ሰሃን ከኩሽና ተሞልቶ ይወጣል፤ የአንተም የሱም እኩል። ማን አስቀድሞ ያንሳ፣ ማን ይቁረጥ የሚባል ነገር አይኖርም። ይህንን ምግብ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ ዓይኔን ሳልገልጥ እሠራዋለሁ፤ ሆስፒታል ውስጥ ጥርስ ለሌላቸውና እጃቸው ለማይታዘዝ በሽተኞች በየቀኑ የማበስለው ነው። አንድም ቀን ተደባድበው አያውቁም።

እህትህ


ሚያዝያ 8

እትዬ፣

ይኸ ምሳ ነው ወይስ የወህኒ ራት? እዚያም ማንኪያ ብቻ ነበር የሚሰጡን። ግን ጥሩ አስበሻል። አግዳሚው አስቆኛል።

ምን ቃል ትሰጠኛለህ ብትይኝ፦ እጄን ጭኔ ስር አደርጋለሁ። ቢሰድበኝ አልመልስም። ቢተፋብኝ እጠርጋለሁ። እማዬ እስክትፈርም ድረስ እንደ በግ እሆናለሁ። በግ ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ዝም እንዳለ ነው የሚታረደው።

ዓርብ እገባለሁ። ጣቢያ እንዳትመጪ፤ ከአውቶቡስ ስወርድ ፊቴን እንድታይው አልፈልግም።

ታናሽሽ


ሚያዝያ 27

እትዬ፣

የጋሼ ሚስት ደብዳቤሽን በፖስታ ልካልኛለች። በግራ እጅ የጻፍሽው መሆኑ ያስታውቃል፤ ዶሮ የጫረው ይመስላል። አጥንቱ እስኪገጥም ብዙ አትጻፊ። ጉንጭሽ አብጦ ዓይንሽ እንደተደፈነ ነግራኛለች። ከሁሉ የሚያበሽቀው የራስሽን ሾርባ እዚያው ሆስፒታልሽ አልጋ ላይ እያጠጡሽ መሆኑ ነው። ጨው ያንሰዋል አይደል?

ከወደቅኩ በኋላ ምን አደረግከው ብለሻል። እሺ። እስከ ጆጉ ድረስ ታስታውሻለሽ። ጋሼ ሰሃኑን አየ፣ ማንኪያውን አየ፣ "ሥጋዬን የቆረጠልኝ ማነው?" አለ። አንቺም ለማሳቅ ብለሽ "ዛሬ ማንም አይቆርጥም፣ ሁላችንም እንደ ሕፃን ነው የምንበላው" አልሽ። ፊቱ ጠቆረ። ሰሃኑን ገለበጠው፤ ጆጉን በግራ እጁ አነሳና ወደኔ ሰነዘረ። አንቺ መሃል ገባሽ። አይሰበርም ያልሽው ጆግ እውነትም አልተሰበረም። የተሰበረው ጉንጭሽና የትከሻሽ አጥንት ነው። ድምፁን ሰማሁት፤ ያን ድምፅ ከሥራዬ አውቀዋለሁ።

የገባሁት ቃል እዚያ ላይ አለቀ። አግዳሚውን ዘልዬ አንገቱን ያዝኩ፣ ግድግዳው ላይ አጣበቅኩት። ግራ እጄ ጉሮሮው ላይ ነበር። ቀኝ እጄ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። እኔ አልላክሁትም፣ ራሱ ነው የሄደው። ቢላዋ ፈለገ፣ ያገኘው ማንኪያ ነው። ወረወርኩትና ቡጢዬን ጨበጥኩ። ጋሼ እየተንፈራገጠ ነበር፣ ጥፍሩ አሁንም አንገቴ ላይ አለ። ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ልቀላቅለው ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ወስኜ ነበር።

የዚያን ጊዜ እማዬ ጮኸች። "በለው!" አለችኝ።

ሌላ ነገር ብላ ሊሆን ይችላል ብዬ ደጋግሜ አስቤአለሁ። አላለችም። ቁማ፣ በዚያ ደካማ ልቧ፣ በኩር ልጇን እያየች "በለው!" አለች። ጋሼም ሰማ። መንፈራገጡን አቆመ፣ ዓይኑን ወደ እሷ አዞረ፣ እጄ ውስጥ ዝልፍልፍ አለ።

ለቀቅኩት። እሱ እንደዚያው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። አንቺን ተሸክሜ ወጣሁ።

እማዬን ስለዚህ ነገር እንዳትጠይቂያት።

ታናሽሽ


ግንቦት 10

ለታናሼ፣

አትጠይቂያት ብለህ ጻፍክ፤ ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ እሷ ራሷ ነገረችኝ። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ "ልጄን ተወው እያልኩ ስጮህ ጉሮሮዬ ተቀደደ" አለችኝ። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ደብዳቤህ በማግስቱ ደረሰ። እኔ ወድቄ ነበር፣ አልሰማሁም። ግን አንተን አምኜሃለሁ፤ እኔን ስትዋሽ ሁልጊዜ አሳምረህ ነው፣ ይኼኛው ምንም ውበት የለውም።

የጋሼ ሚስት ሌላ ነገር ነገረችኝ። ጋሼ ካለፈው ዓመት ፋሲካ ጀምሮ ቢላዋ ይዞ አያውቅም። ቤቱ ውስጥ ሥጋውን የምትቆርጥለት እሷ ናት፣ ዳቦውንም። በሩ ተቆልፎ ነው የሚበላው፤ ልጆቹ እንኳ እንዲያዩ አይፈልግም። ለሰው ሁሉ ድኛለሁ እያለ ነበር። ታናሼ፣ እኔ ስንት ሳምንት ሙሉ ስለ እጅ አስቤ ሳለሁ ያሰብኩት የሚመታ እጅ ብቻ ነው። የማይቆርጥ እጅ ጠረጴዛዬ ላይ እንደሚቀመጥ አንዴም ትዝ አላለኝም። እጃቸው ለማይታዘዝ በሽተኞች የምሠራውን ምግብ ሠርቼ፣ አንተ ባለህበት ፊቱ አቀረብኩለት፤ ያም አልበቃኝ ብሎ ሕፃን አልኩት!

ይህን ስልህ ግን ይቅር ብዬዋለሁ ማለቴ አይደለም። አፌን ስከፍት መንጋጋዬ ይንቋቋል። በኩሽናው በር ሲገባ ባየው የፈላ ዘይት እደፋበታለሁ፣ ከዚያ ራሴ አክመዋለሁ።

ፈረመች ወይ ብትለኝ፣ አልፈረመችም። ተቀመጡልሽ አይደለም ወይ ስላት፣ "ጋሼሽ ሳይመጣ አልገባም" ትላለች። ስንት ጊዜ ላክንበት። አይመጣም። ለሚስቱ "እናት የለኝም" ብሏታል። ሐኪሙ አልጋውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ እያለ ነው። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፣ ደረጃ ስትወጣ ሦስተኛው ላይ ትቀመጣለች።

ሱቁ ልሄድ ነው። አንድ እጄ ታስሯል፣ የሱም አንድ እጅ አይሠራም። እኩል ነን።

እህትህ


ሰኔ 2

ለታናሼ፣

ሄድኩ። ጉንጬን ሲያይ ዞሮ ግድግዳውን በግንባሩ መታው፣ ደጋግሞ፣ ደም እስኪወርደው። ተወው አላልኩትም። ሲበቃው ፎጣ ሰጠሁትና "ስትጨርስ ተነስ፣ እናትህ ልትሞት ነው" አልኩት። ተከተለኝ።

እማዬ ገና ስታየው መናገር ጀመረች። "ልጄ፣ ያን ቀን የጮህኩትን ሰምተሃል?" አለችው። ጋሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ብርድ ልብሷ ላይ አደረገው። "አልሰማሁም እማዬ። ጆሮዬ ይጮህ ነበር" አላት። እሷም "ተወው እያልኩት ነበር" አለችው። "አውቃለሁ" አለ። እዚያው ፈረመች።

ደረቷን ከፈቱት፣ ሰፉት፣ ተርፋለች። ትናንት ዓይኗን ገልጣ ስታበቃ መጀመሪያ ያዘዘችኝ ምን መሰለህ? "ለመጪው ፋሲካ ሁላችሁም እንደዚህ" አለችኝ። ክኒኗን አቀበልኳት።

አሁን ጥያቄ አለኝ፤ የኔ አይደለም፣ የጋሼ ነው። ኮሪደሩ ላይ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። "እጁ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፣ እሷም በለው ብላዋለች። ለምን አልመታኝም? ጠይቂልኝ" አለኝ። ሰክሮ አልነበረም። መልስህን እየጠበቀ ነው፤ በየቀኑ ደብዳቤ መጣ ወይ እያለ ኩሽናው በር ላይ ይቆማል። ዘይቱን አልደፋሁበትም፤ እጄ ገና አልዳነም።

እህትህ


ሰኔ 9

እትዬ፣

እማዬ በመትረፏ ተንበርክኬ አመስግኛለሁ። ይህን አስቀድመሽ ንገሪያት። የቀረውን ግን እሷ በሌለችበት ለጋሼ አንብቢለት። አንቺም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምትሰሚው።

ባለፈው ዓመት አንቺ ኩሽና ነበርሽ፣ ቧንቧው ተከፍቶ ነበር። ቢላዋውን ስስበው የጋሼ እጅ ተከፈተ። ወዲያው ጣልኩት። ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። ጋሼ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ "ምን አደረግከኝ?" አለኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ ልጆች ሳለን እንደሚለኝ ነው። ሁለታችንም ደንግጠን ነበር። ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ፎጣ ላመጣለት አንድ እርምጃ ሄጃለሁ። የዚያን ጊዜ እማዬ ተነስታ "በለው!" አለችው። ጋሼ እሷን አየ። ከዚያ ወንበሩን አነሳ።

ፍርድ ቤት እኔ አልተናገርኩም፣ እሱም አልተናገረም። ስለ እናት ምን ተብሎ ይነገራል? እሷም አታስታውሰው ይሆናል፤ ተወው ብያለሁ ብላ ስትምል ከልቧ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያንን ቃል ይዤ ነው ወህኒ የከረምኩት። ብረቱ አይደለም ያመመኝ።

ዘንድሮ ደግሞ ለኔ አለችኝ። እናቱ በለው ስትልበት የሰው ፊት ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር፤ ባለፈው የራሴ ስለነበር አላየሁትም። የጋሼን ፊት በዚያ ቅርበት አየሁት። ከዚያ በኋላ የጨበጥኩት እጅ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ምሮሃል እንዳትይው። አልማርኩትም፤ አንቺን የመታበትን እጅ ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። ለመጪው ፋሲካም አልመጣም፣ ማንም አይጠብቀኝ። ግን ከሱ የተሻልኩ ሰው ሆኜ ነው የተውኩት ብሎ እንዳያስብ። መጀመሪያ የታዘዘው እኔ ብሆን ኖሮ እኔም እመታ ነበር፣ እሱም ይለቀኝ ነበር። እኔ ሁለተኛ ሆንኩ፤ ልዩነታችን ይኸው ብቻ ነው።

ታናሻችሁ